ይታየው ያሸተተው ጀሪካን

የይታየው አፍንጫ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር። ይህንንም ከራሱ ከይታየው በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም፤ የነፍስ አባቱ እንኳ።

አፍንጫ ሲባል ታዲያ ለመተንፈሻና ለንፍጥ የተፈጠረውን ተራውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የይታየው አፍንጫ በደብረ ታቦር ከዳኛ ይልቅ የሚፈራ ነበር። ጠላ የጠመቀች ሴት ውሃ አብዝታ እንደሆነ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይፈርድባታል። አንድ የጋሳይ ነጋዴ ገብስ ሊሸጥለት ቢመጣ ጆንያው ሳይፈታ አሸተተና «ይህ ገብስ የታጨደው ዝናብ በመታው ማግስት ነው፤ ያጨደውም ግራኝ ነው» አለው። ነጋዴው የወንድሙ ግራ እጅ ትዝ ቢለው አማተበ፤ ጆንያውንም እንደ ተሸከመ ተመለሰ። ይህን ቢያንስ መቶ ሰው አይቷል። ምስክር ይጠራ ቢባል ግማሹ ሞቷል፣ የቀረውም ያን ቀን ሰክሮ ነበር።

ይታየው የሚሠራበት አረቄ ቤት የአማቱ የእሜቴ ለተሥላሴ ነበር። ከጉና ገብስ አስጭነው ወርደው፣ ከከተማው ዳር በአንድ ድስትና በአንድ ሸንበቆ የጀመሩት ሥራ ነው። እሳቸው አረቄ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን አይቀምሱም፣ አያስቀምሱም። «ይኼ የመሬት ነው» ብለው ይደፉታል። የመሬቱ የት ላይ አልቆ የሰው የት ላይ እንደሚጀምር የሚለየው ደግሞ አፍንጫ ብቻ ነው። ሲያረጁ ይህን ሥልጣን ለገዛ ልጃቸው ለጌጤ ሳይሆን ለልጃቸው ባል ለይታየው ሰጡ። ጌጤ እስከ ዛሬ ቅር ይላታል። ያኔም «አፍንጫውን ነው ወይስ አፉን ነው የሾሙት?» ብላ ነበር።

በነሐሴ ጉንፋን ያዘው። ተራ ጉንፋን አልነበረም፤ ይታየው እንደሚለው ሰባት ቀን ሙሉ በሬ ደረቱ ላይ ተኝቶ ነው የከረመ። ሲነሣ ዓለም ባዶ ሆና ጠበቀችው። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ አሸተተ፤ ምንም። ቤንዚን አሸተተ፤ ምንም። በመጨረሻ ሰው አለመኖሩን አይቶ የጎረቤት በጎች ጉረኖ ገባና ተንበርክኮ ማገ፤ ምንም። በጎቹ ብቻ ደንግጠው አዩት። ያን ቀን ይታየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ዝም አለ።

ለማን ይናገር? «የይታየው አፍንጫ ሞተ» ከተባለ ቤቱም አብሮ መቀበሩ ነው። ስለዚህ አረቄ በሚወጣበት ቀን ዓይኑን ከጌጤ ፊት አይነቅልም። እሷ የጨማደደችውን ቅንድቧን ፈታ ስታደርግ እሱ «በቃ! አሁን ዕቃ ደቅኑ!» ብሎ ይጮኻል። እስከ ጥር እንዲህ ተኖረ።

የውስኪው ነገር የመጣው በይታየውና በጌጤ ልጅ በኤሌኒ ነው። ኤሌኒ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ የሌላ ሰው ብርጭቆ ስትወለውል ከርማ የተመለሰች ልጅ ናት። «አባዬ፣ እነሱ ውስኪ የሚሉት እኮ የኛው የገብስ አረቄ ነው። እንጨት ውስጥ አርጅቶ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም» አለችው። የእንጨት በርሜል የሚሠራ ሰው ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር ታጣ። እንግዲያው ተብሎ አንድ ትልቅ ጋን በወይራ ጢስ ታጠነ፤ ሁለት ጊዜ የወጣ ንጹሕ የገብስ አረቄ ተሞላበት፤ እሳት የለበለበው የወይራ ፍልጥ ተጨመረበት፤ አፉም በጭቃ ተመረገ። ይህ የሆነው ከዓመት በፊት፣ እሜቴ ለተሥላሴ ባረፉበት ሳምንት ነበርና፣ በሙት ዓመታቸው ቀን እንዲከፈት ተማከሩ። ያኔ የይታየው አፍንጫ በሕይወት ነበር። ስለዚህ ለውስኪው አልሰጋም፤ ውሸቱ ውስኪው ጋ የማይደርስ መሰለው።

የሙት ዓመቱ ድግስ የሚደገሰው ከክምር ድንጋይ ከተማ ማዶ፣ እሜቴ በተቀበሩበት መንደር ነው። ጌጤ ከሦስት ቀን በፊት ቀድማ ወጣች። ኤሌኒ የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ ልታሳትም ባሕር ዳር ሄደች፤ ከዚያው ቀጥታ ድግሱ ላይ ልትደርስ። ስትሄድ ሁለት ንጹሕ የመስታወት ደምጃን ትታ፣ «በመስታወት ብቻ ነው የሚጓዝ፣ አባዬ። ፕላስቲክ እንዳይነካው» ብላ አስማለችው። ይታየው ማለ። ግን ከመማሉ በፊት ለሦስት አጥቢያ ሰው «ውስኪ እንደ ጠበል ትራጫላችሁ» ብሎ ተናግሮ ነበር።

በቀኑ ጠዋት የጌጤ ወንድም ይሻው በቅሎውን ለዘመድ ትቶ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ። ይሻው የጉና ገበሬ ነው፤ በግ ያረባል፣ ገብስና ድንች ያመርታል፣ በይታየው ላይ ደግሞ ይሥቃል።

«ያን ሁሉ ሰው በሁለት ደምጃን ልታጠጣው ነው?» አለ ደምጃኖቹን እያየ። «ካህናቱ ከንፈራቸውን ያርሱበት ይሆናል። ሌላው ቆሞ ይመረቅ?»

«ልጂቱ በመስታወት ብላለች።»

«አንተ ደግሞ እንደ ጠበል ብለኻል። የማን ቃል ይታጠፍ?»

ይታየው ጀሪካኑን ተመለከተ። «ምን ነበረበት?»

«እኔ እንጃ። ሚስቴ እመቤት ድግስ ቤት ናት፣ ማንን ልጠይቅ? ከበሩ ኋላ አገኘሁትና በአመድና በፈላ ውሃ አጠብሁት፤ ሦስቴ። ግን አሁንም አንድ ነገር ይለኛል። እኔ ከበግና ከድንች ሌላ ምን ሽታ አውቄ! አንተ በለኝ እስቲ።»

ይታየው ክዳኑን ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ። አፍንጫውን የጀሪካኑ አፍ ላይ ደቅኖ ረጅም፣ የጉናን ነፋስ ሁሉ የሚጨርስ ትንፋሽ ሳበ። እዚያ ውስጥ ያገኘው ከነሐሴ ጀምሮ የሚያገኘውን ነው፤ ጭጋግ የዋጠው ሜዳ የመሰለ ነጭ ባዶ። «አልሸተተኝም» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አንድ ናት። ግን ይሻው፣ ያ በሁሉ የሚያላግጠው ይሻው፣ ትንፋሹን ውጦ ታቦት እንደሚያይ ሰው ያየው ነበር።

«የኑግ ዘይት ነው» አለ ይታየው። «ከሦስት ዓመት በፊት። አሁን ንጹሕ ነው፤ ክርስትና አንሣበት።»

«እርግጠኛ ነህ? እኔን እኮ ሌላ...»

«ያንተ አፍንጫ ከአውራ በግ ጋር ተኝቶ ያደረ ነው። ዝም ብለህ ጋኑን ያዝልኝ።»

ደምጃኖቹን እንዳሉ ተዋቸው። ውስኪው የግንቦት ማር መስሎ እየተንዶቀዶቀ ወደ ቢጫው ጀሪካን ገባ።

ኮንትራት የያዙት የሙላቴን ባጃጅ ነው። ሙላቴ ጨዋ ልጅ ነው፤ ታላቅ ሲያይ ኮፍያውን ያወልቃል። ከተማውን ሳይለቁ ግን የጎኑን ሸራ ገለጠ፤ ትንሽ ሄዶ ያንን ወገኑንም ገለጠ። ብርዱ እንደ ምላጭ ገባ።

«አያ ይታየው፣ አይቆጡኝና ምንድን ነው የጫንነው?»

«ውስኪ።»

«ውስኪ እንዲህ ነው እንዴ የሚሸተው?»

«ስንት ውስኪ ጠጥተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አንድም፣ በእመብርሃን።»

«እንግዲያ!»

ሙላቴ አፈረ። «አይ፣ እንዲያው ራሴን ወጋ ቢያደርገኝ ነው እንጂ... ለካ የሀብታም መጠጥ እንዲህ ኖሯል» ብሎ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ መንዳቱን ቀጠለ።

ይሻው ሣቀ። ክዳኑን ፈትቶ በክዳኑ ቀዳ። «ቀማሽህ እኔ ልሁን።» ጨለጠው። ፊቱ ተኮማተረ። «ወይ ጉድ! ልጅህ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ የከረመችው ይኼን ለማወቅ ነው? ይመርራል እኮ!»

«ወይራው ነው።»

«ወይራ አውቃለሁ፤ ጥርሴን የምፍቅበት ነው። ይኼ ሌላ ነው።» ቢሆንም ሁለተኛ ቀዳ። የይሻው ነገር እንዲህ ነው፤ መራራ ነው እያለ የማር ያህል ይጠጣል።

ክዳኑን መልሶ ሲያጠብቅ ይታየው የጀሪካኑ ትከሻ ላይ ሦስት ዝንቦች በጀርባቸው ተንጋለው አየ። «አየኸው?» አለ ጮክ ብሎ። «ዝንብ እንኳ ለጢሱ አልቻለም! በአንድ ማሽተት ዘረጋቸው!» ሙላቴም ይሻውም ሣቁ። ይታየው ግን ዓይኑን ከዝንቦቹ አላነሣም። የሰከረ ዝንብ እግሩን ያወራጫል። እነዚህ አያወራጩም። ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ ሦስቱም እንደ ገለባ ተንከባለው ወረዱ።

ከክምር ድንጋይ በፊት ባለችው ጉብታ ላይ ስልኩ ኔትወርክ አገኘ። ለኤሌኒ ደወለ።

«ኤሌኒ፣ እንዲያው ለነገሩ... ውስኪ ምን ምን ነው የሚለው? ሽታው?»

«ምን?» ድምፅዋ ይቆራረጣል። «አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ እኔን ሽታ የምትጠይቀኝ? በመስታወት አይደል የያዝኸው? አባዬ? በመስታ...»

ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል ሴትዮዋ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማግኘት እንደማይችል ነገረችው።

«ምን አለች?» አለ ይሻው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ በዚያ ብርድ።

«ሰላም ብላችኋለች።»

«አፌን ምራቅ ሞላው፣ ይገርምኻል» አለ ይሻውና ወደ ውጭ ተፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተፋ። «ውስኪህ ምግብ ይከፍታል። ድግሱን እኔ ነኝ የምጨርስላቸው።»

ዳሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ተጥሏል። የመጣው ሰው ይታየው እንደሚለው ሁለት ሺህ፣ ጌጤ እንደምትለው ሁለት መቶ ነው። ጀሪካኑ ሲገባ ሴቶች እልል አሉ። ሁለት ልጃገረዶች በትሪ የተደረደሩ መለኪያዎች ይዘው ቀረቡና መቅዳት ጀመሩ። አፍንጫውን በነጠላው የሸፈነ ሰው አልጠፋም። ግን ማን ይናገር? በዚያ ዳስ ውስጥ ውስኪ አሽትቶ የሚያውቅ የለም፤ ስለ ሽታ የሚናገረው አንደበት ደግሞ የይታየው ብቻ ነው። አንዱ ሽማግሌ ጎረቤቱን «የፈረንጅ ነገር መቼም...» ሲሉት ተሰማ።

ጌጤ ከድስቱ አጠገብ እጇን እያበሰች መጣች። ትሪው በአጠገቧ ሲያልፍ ቆመች። ቅንድቧ ተጨማደደ። አልተፈታም።

«ይታየው» አለች በሹክሹክታ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ውስኪ ነዋ።»

«እኔ ጋኑን ስናሽገው ነበርሁ። እንዲህ አይልም ነበር። ይኼ የበጎቹን ነገር ይሸተኛል፤ ቅማል የምናረግፍበትን።»

«ዓመት ሙሉ ተቀምጦ...»

«ዓመት አትበለኝ።» ክንዱን ያዘች። «አንተ አሽትተኸዋል? በእናቴ አጥንት፣ እዚያ ማዶ ተኝታለች፣ በእሷ ማልልኝና በቃ እሺ እላለሁ። አሽትተኸዋል?»

ይታየው አፉን ከፈተ። በሬ ወለደ ቢባል ከነጥጃው ቀለም የሚያወራ አፍ፣ አንድ «አዎ» ማውጣት አቃተው።

በዚህ መሀል መምሬ ባዩ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ጸሎቱ አልቋል፤ ትሪዎቹ ዞረዋል፤ መለኪያው ሁሉ በየሰው እጅ ነው። በዚያ አገር መጠጥ ያመጣ ሰው በሰው ፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። መርዝ የለበትም ማለት ነው፤ ከመሐላ ይበልጣል።

«በል፣ ይታየው» አሉ መምሬ ባዩ። «አፍህን ሳይሆን ምላስህን እናምናለን። ቅመስና አስጠጣን።»

አንዲቱ ልጅ በመዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለት። ሁለት መቶ ሰው መዳፉን አየ። ይታየው መዳፉን ወደ አፉ ወሰደ። ቀዝቃዛ ነገር፣ ከዚያ ቃጠሎ፣ ሌላ ምንም። ማርም ቢሆን፣ እሬትም ቢሆን ለእሱ ያው ነው። ቀና ሲል ዓይኑ ይሻው ላይ ዐረፈ። ይሻው የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ በጋቢው ጫፍ ምራቁን እየጠረገ ነበር፤ ይጠርጋል፣ ይሞላል፣ ይጠርጋል። የጉንጩ ሥጋ ብቻውን እንደ ዓሣ ትር ትር ይላል።

ይታየው በመዳፉ የቀረውን አራገፈ፤ በአፉ ያለውንም ተፋ።

«አትጠጡት... አትጠጡት» አለ። «አላሸተትሁትም።»

ዳሱ በሣቅ ፈረሰ።

«ትሕትና ጀመረ!» አሉ መምሬ ባዩ።

«የምሬን ነው! አፍንጫዬ ሞቷል። ከነሐሴ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም!»

«ነፍስ ይማር!» ጮኸ አንዱ ከኋላ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዕድር ይለፈፍለታ!»

«እዝን እኛ እናወጣለን፣ አያ ይታየው! ፍትሐቱን ብቻ እርስዎ ይቻሉ!»

እንባ እስኪወጣው የሚሥቅ ነበር። ያ ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውሸት ሲነግራቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተውታል፤ እውነቱን ሲነግራቸው እንዲህ ያለ ቀልድ ሰምተን አናውቅም አሉ። አንድ ሽማግሌ እየሣቁ መለኪያውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ።

ይታየው ዘሎ የሽማግሌውን እጅ መታ። ብርጭቆው ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ዞሮ ትሪውን ገለበጠ፤ ጀሪካኑን በእግሩ አለው። ውስኪው፣ የአንድ ዓመት ሥራ፣ በእሜቴ ለተሥላሴ ሙት ዓመት ዳስ ውስጥ በጉዝጓዙ ላይ ፈሰሰ። ሣቁ ተቆረጠ። ጎረምሶች በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ተዝካር ማፍረስ በዚያ አገር ቀላል ነውር አይደለም።

«አትጠጡ!» ብላ ጮኸች ጌጤ። «እውነቱን ነው! ሁላችሁም አስቀምጡ!»

እሷ ቀልዳ ስለማታውቅ ሁሉም አስቀመጠ። መምሬ ባዩ ለመጀመሪያ ጊዜ መለኪያቸውን ከአፍንጫቸው አስጠግተው በቅጡ አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። ከድግስ ሠሪዎቹ መሀል የይሻው ሚስት እመቤት ወደፊት ወጣች፤ የተጋደመውን ቢጫ ጀሪካን አየችና ሁለት ጉንጯን በጥፊ መታች።

«የበጎቹ መድኃኒት የነበረበት! ልጆች እንዳያገኙት ብዬ ከበሩ ኋላ የሸጎጥሁት! ማነው ያመጣው?»

«ማን ጠጣ?» አሉ መምሬ ባዩ። «ከንፈሩን እንኳ ያስነካ ይናገር። እውነት እንነጋገር።»

ማንም አልጠጣም። ሁለት መቶ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንድም የለም። ከዚያ ይታየው ቀስ ብሎ ወደ ምሰሶው ዞረ። ሁሉም አብሮት ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ይሻው። ሊሥቅ ሞክሮ ምራቁ በአገጩ ወረደ። «በክዳን ነው። ሁለት ክዳን።»

ሙላቴ እንዲያ ነድቶ አያውቅም። ባጃጁ ከዳገቱ ሲወረወር ሦስት እግር ሳይሆን ክንፍ ያለው ይመስል ነበር። እመቤት ከፊት ከሙላቴ ጎን ተጣብቃ ታለቅሳለች፤ ይታየው ከኋላ ይሻውን በደረቱ አቅፎ ይዞታል። ይሻው ሁለት ጊዜ አስታወከ። የይታየውም አፍ ምራቅ ይሞላ ጀምሯል፤ ይውጠዋል፣ አይናገርም። ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገና ግማሽ መንገድ አልሄዱም።

«ይታየው» አለ ይሻው።

«አቤት።»

«የኑግ ዘይት አልኸኝ።»

«አልሁ።»

«ከሦስት ዓመት በፊት አልኸኝ። ሦስት ዓመቷን ከየት አመጣሃት?» ሊሥቅ ፈልጎ አሳለው። ሣሉ ሲበርድለት አንገቱን ወደ ውጭ አዞረ። «ደመነ እንዴ?»

ቀኑ እኩለ ቀን ነበር። የጥር ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ከጉና ራስ እስከ ጣና ድረስ በሰማዩ ላይ የጥጥ ፍሬ የምታህል ደመና የለችም። እመቤት አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«ደምኗል» አለ ይታየው።

«በጥር?»

«በጥር! ከጉና ኋላ ነው የተነሣው። ጥቁር ነው። ይኼውልህ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ደመና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ጋይንትን ሸፍኖታል። ክምር ድንጋይን አሁን ዋጠው።»

«ገብሴ አውድማ ላይ ነው» አለ ይሻው በጭንቀት። «ያልተወቃ ነው። ይመታብኛል።»

«አይመታብህም። ይኼ ደመና የሚያልፍ ነው። ትልቅ ደመና ሁልጊዜ ያልፋል፤ የሚያዘንበው ትንሹ ነው። ይኼ ደግሞ ከትልቅም ትልቅ ነው! ፀሐይዋን ጠቅልሎ ወሰዳት፣ አየህ? ሙላቴ መብራት አብርቷል። ሰው ሁሉ መብራት አብርቷል። ለዚህ ነው የጨለመብህ።»

ሙላቴ በመስታወቱ አየው፤ መብራቱን አላበራም፤ ነዳጁን ግን እስከ ጥጉ ጠመዘዘ።

ይታየው ደመናውን ማግዘፉን ቀጠለ። በጋሳይ ላይ አሻገረው፣ በፎገራ ሜዳ ላይ ዘረጋው፣ ወፎችን በእኩለ ቀን ወደ ጎጆአቸው አስገባ፣ ከብቱን ያለ እረኛ ወደ ቤት መለሰ። ይሻው መጀመሪያ «እውነትህን ነው?» ይለው ነበር። ኋላ ግን እጁን ብቻ ጨበጥ ያደርግለታል፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ አንድ ጊዜ። የደብረ ታቦር ቆርቆሮዎች ከሩቅ በፀሐይ ሲያብረቀርቁ ይታየው ገና እያወራ፣ የይሻው እጅ እንደገና ጨበጥ እስኪያደርገው ይጠብቅ ነበር።